የእህቴ ባል የስካውት መሪ የሆነ ጊዜ

የእህቴን ባል ፊት ለፊት በስሙ፣ በልቤ ግን «ጀኔራሉ» እያልኩ ነው የምጠራው። ጦር ሜዳ ቀርቶ የዶሮ ጠብ ሲያይ እንኳ መንገድ የሚቀይር ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ነው፤ ወንበር ያድላል፣ መጥረጊያ ያስገዛል፣ የተቃጠለ አምፖል ያስቀይራል። የመጋዘኑን ቁልፎች ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ ስለሚሄድ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ሰው ሥልጣን ሲያጣ ሲታመም አይቻለሁ፤ እሱ ግን ትንሽ ስላገኘ ነው የታመመው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንድ ቀን ሱቄ ገብቶ እጆቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ቆመ።

«ለኪኝ» አለኝ።

«ምን ልስፋልህ?»

«የስካውት መሪ የደንብ ልብስ። ደረቱ ላይ አራት ኪስ ይኑረው። ትከሻው ላይ ደግሞ ማዕረግ የሚሰካበት ነገር አድርጊበት።»

«ማዕረግ ተሰጠህ እንዴ?»

«ይሰጠኛል» አለ። ሜትሬን ወገቡ ላይ ሳዞር ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ትንፋሹን ያዘ። እኔም እስኪለቅ ጠብቄ ለካሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በልጄ ትምህርት ቤት የስካውት ቡድን አለ። ለብዙ ዓመት የመሩት የጂኦግራፊው መምህር ናቸው፤ ቃል የማያበዙ፣ መነጽራቸውን ሲያወልቁ ብቻ ልጁ ሁሉ ጸጥ የሚልላቸው። ሚስታቸው ሌላ ከተማ ሥራ ስታገኝ ተከትለዋት ሄዱ። የስካውት ማህበሩ ደግሞ አዲስ ደንብ አወጣ፦ ከልጆቹ ጋር መሥራት የሚፈልግ አዋቂ ሁሉ በጎ ፈቃደኛም ቢሆን መጀመሪያ የኦንላይን ስልጠናውን ይጨርስ፤ የሰለጠነ ሰው ካልተገኘ ቡድኑ ይዘጋል። ወላጆች አዳራሽ ተሰብስበን ይህ ሲነገረን ሁላችንም ጫማችንን ማየት ጀመርን። አንዱ ሥራ ይበዛብኛል አለ፣ አንዷ ኢንተርኔት አይገባኝም አለች። እኔም ሱቄን ምክንያት አደረግኩ። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ጭኔን ትቆነጥጠኛለች፤ ስካውት ማለት ለእሷ እህልና ውሃ ነው።

ጀኔራሉ ያን ጊዜ ተነሣ። የመጣው በእኔ ልጅ አጎትነት እንጂ የራሱ ልጅ እንኳ የለውም። «ኃላፊነቱን ተረክቤያለሁ» አለ። የሰጠው ሰው አልነበረም። ግን ሁሉም ስለ ተገላገለ አጨበጨበ።

ልብሱን ለማስሞከር እህቴ ቤት የሄድኩት ስልጠናው በተጀመረ በሳምንቱ ነው። እህቴ ፋርማሲስት ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሐኪም ጽሕፈት ስታነብ ውላ ማታ ዓይኗ ይቀላል። ያን ዕለት ምግብ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑን ከፍታ ቁጭ ብላለች። እሱ ቴሌቪዥኑ ጋ ነው።

«ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት።

«የእሱን ስልጠና እያስጨረስኩት ነው፣ እትዬ። የመጀመሪያውን ቪዲዮ አይቶ ሰለቸው።»

«የሕፃን ነገር ነው» አለ ጀኔራሉ ዞር ሳይል። «ስንት ሠራተኛ የማስተዳድር ሰውዬ ልጅ እንዴት እንደሚሰለፍ ከኮምፒውተር ልማር? እሷ ተጭና ትጨርሰዋለች።»

ወንበር ላይ አቁሜው የሱሪውን ጫፍ በመርፌ መሰካት ጀመርኩ። ቴሌቪዥኑ ማስታወቂያ ስለገባበት ፊቱን ወደ እኛ አዞረ።

«በይ ጥያቄውን አንብቢው፣ እኔ እመልሳለሁ፣ አንቺ ተጫኚ» አላት።

እህቴ አነበበች። «አንድ ልጅ ምስጢር ሊነግርህ ፈልጎ፣ ለማንም አልናገርም ብለህ ቃል ግባልኝ ቢልህ ምን ታደርጋለህ?»

«ቃል እገባለታለሁ! ወንድ ልጅ ምስጢር ይጠብቃል። ቀጥዪ።»

እህቴ ሌላውን መልስ ተጫነች። ቃል አትገባም የሚለውን፤ ልጁ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ለሚመለከተው መንገር ሊኖርብህ ይችላል የሚለውን። ስክሪኑ አረንጓዴ አበራ።

«አየሽ!» አለ ከወንበሩ ላይ። «ተፈጥሮ ነው ይሄ። አይማሩትም።»

እህቴን አየኋት፤ አቀርቅራለች። መርፌው ቁርጭምጭሚቱን ትንሽ ወጋ አደረገው። ይቅርታ አልኩት፣ አላዘንኩም።

እሱ የጠላው ስልጠና እህቴን ይዟት ጭልጥ አለ። ሱቄ ስትመጣ የምታወራው ስለዚያ ሆነ። ለምን አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በር ዘግቶ መቀመጥ እንደማይገባው፣ ለምን ልጆች ጉዞ ሲሄዱ ጥንድ ጥንድ ሆነው እርስ በርስ እንደሚጠባበቁ፣ ስንት ጊዜ መቆጠር እንዳለባቸው። ልጄም ክር እየጠቀለለች ትሰማታለች። «አክስቴ፣ የጠፋ ሰውስ?» ትላታለች። «የጠፋ ሰው ካለበት አይነቃነቅም። የሚፈልጉት ሰዎች መጀመሪያ የሚመለሱት በመጨረሻ ወዳዩት ቦታ ነው።» እኔ ከማሽኔ ላይ አንገቴን ሳላነሣ፣ «እንዲህ ከወደድሽው በራስሽ ስም ለምን አትመዘገቢም?» አልኳት።

«አንድ ቤት ሁለት መሪ ምን ይሠራል ይላል» አለችኝ።

ከዚያ የቀጥታው ስብሰባ መጣ። ሰልጣኞቹ ሁሉ ካሜራ ከፍተው አሰልጣኟ ፊት የሚቀርቡበት ነው፤ እዚያ ላይ ሚስት ተክቶ መላክ አይቻልም። ጀኔራሉ ገና ያላለቀውን ልብስ ከላይ ለበሰ፣ ከታች የቤት ቁምጣ። እህቴ ከላፕቶፑ ጀርባ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። እኔ ቁልፍ ልተክልለት መጥቼ ሶፋው ላይ ተቀምጬ አያለሁ።

አሰልጣኟ ጉንፋን ያፈናት ወጣት ሴት ናት። ስክሪኑ በትንንሽ ሳጥን ተከፋፍሏል፤ በአንዱ ነጭ ጋውኑን ያላወለቀ የጥርስ ሐኪም፣ በሌላው ማይኳን መክፈት ያቃታት ወፍራም እመቤት። ተራው ደረሰና አሰልጣኟ ስሙን ጠራች።

«ልጆችን ወደ ውሃ ዳር ስንወስድ በመጀመሪያ እንዴት አድርገን ነው የምንመድባቸው?»

ጀኔራሉ ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣል አደረገ። እህቴ በሹክሹክታ፣ «ጥንድ ጥንድ!» አለች።

«ጥድ» አለ ጀኔራሉ።

«ይቅርታ?»

«ጥድ። ጥድ እንተክላለን። ውሃው ዳር።» ከተናገረው ወዲያ መመለስ ስላልቻለ ገፋበት። «ስካውት ተፈጥሮን ካልተንከባከበ ማን ይንከባከባል? በመጀመሪያ ልጆቹ ችግኝ ይይዛሉ...»

የጥርስ ሐኪሙ ካሜራውን ድንገት አጠፋ። እህቴ ወለሉ ላይ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። አሰልጣኟ ሳል ያዛትና ውሃ ጠጥታ፣ «ችግኙ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እኔ ግን የጠየቅኩት ስለ ልጆቹ ደኅንነት ነው» ስትል ጀኔራሉ ላፕቶፑን ጠቅ አድርጎ ዘጋው።

«ኔትወርክ ሄደ» አለ።

በማግሥቱ እህቴ በእሱ ስም የይቅርታ መልእክት ጻፈች። አሰልጣኟም የጽሑፍ ውጤቱን አይታ፣ ሁሉም ሙሉ ነውና፣ ካሜራ የሚያስደነግጠው ሰው መስሏት አሳለፈችው። ሰርተፍኬቱ መጣ። አሳተመው፣ በፍሬም አስገባው፣ የሠርጋቸውን ፎቶ ከሳሎን ግድግዳ አውርዶ እሱን ሰቀለ። የሠርጉ ፎቶ መኝታ ቤት ቁም ሳጥን ላይ ወጣ፤ ፊቱ ወደ ግድግዳ።

ልጄ ከመጀመሪያው የቡድን ስብሰባ ስትመለስ፣ «ምን ተማራችሁ?» አልኳት።

«ሰላምታ።»

«ከሰላምታ ሌላ?»

«ሰላምታው ስላላማረ ደገምነው።»

በሁለተኛውም ሳምንት ሰላምታ ነበር። በሦስተኛው ስለ ዲሲፕሊን ንግግር አደረገላቸው፤ ልጄ ቆማ ስትሰማ እግሯ ደንዝዞ መጣች። ስለ ቋጠሮ ቢጠይቁት «እሱ ወደፊት ነው» አላቸው። ክራባቱን እንኳ እህቴ ነች የምታስርለት።

ከዚያ ጉዞ ተነሣ። ሐይቅ ዳር፣ በአውቶብስ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ፣ በጠዋት ሄዶ ከሰዓት በኋላ መመለስ። በደንቡ የሰለጠኑ ሁለት አዋቂዎች ያስፈልጋሉ። እህቴ ቀኑን ፈቃድ ወስዳ ቦርሳ አዘጋጀች። ጀኔራሉ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቆማት። እኔ ልጄን ላደርስ መጥቼ በጆሮዬ ሰማሁ።

«አንቺ ወዴት ነሽ?»

«ሁለተኛ ሰው ያስፈልግሃል።»

«ሰርተፍኬት አለሽ?»

እህቴ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። እሱ ግን ፊቱን አልፈታም።

«ሕግ ሕግ ነው» አላት። «ያልሰለጠነ ሰው ልጆች ይዤ አልሄድም። ሹፌሩ አለ፤ ሹፌሩም ትልቅ ሰው ነው።»

ብዙ ሰው ንቄ አውቃለሁ። ጨርቅ አሰፍቶ ሲረከብ ስፌቱን በጥፍሩ የሚጎረጉር ደንበኛ እንቃለሁ። ዘመዱ ሹም ሲሆን ድምፁ የሚወፍር ሰው እንቃለሁ። የዚያን ዕለት በር ላይ ግን ንቀት እስከዛሬ የማላውቀው ስፋት እንዳለው ገባኝ። እህቴ የመጀመሪያ እርዳታ መስጫውን ቦርሳ አቀበለችውና፣ «ቁጠራቸው፤ ስትሳፈሩም ስትመለሱም» አለችው።

«ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» ብሎ ሄደ። እኔም ልጄን አሳፍሬ እጄን አውለበለብኩላት። አላስቀረኋትም።

ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወላጆች ተሰብስበን ጠበቅን። እህቴም መጥታለች። አውቶብሱ ቆመ፣ ልጆቹ እየተንጫጩ ወረዱ፣ ፀጉራቸው ገና እርጥብ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን እየያዙ ሄዱ። ሹፌሩ በሩን ሊዘጋ ሲል ገብቼ ወንበሮቹን አየሁ። ባዶ ናቸው።

«ልጄስ?» አልኩት።

ጀኔራሉ ፊሽካውን ወደ ኪሱ እየከተተ፣ «ከሴቶቹ ጋር ትሆናለች» አለ።

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላት። የልጄ ስልክ ጮኸ፤ የጮኸው ከጀኔራሉ ቦርሳ ውስጥ ነው። ጠዋት ለዲሲፕሊን ብሎ የሁሉንም ስልክ ሰብስቦ ነበር፤ ልጆቹ ሲወርዱ የየራሳቸውን ሲወስዱ የእሷ የሚወስደው አጥቶ ቀርቷል። ያን አይቶ እንኳ ምንም አልታየውም።

አንዲት ትንሽ ልጅ የእናቷን ቀሚስ ይዛ፣ «እኛ ነግረነው ነበር» አለች። «ሽንት ቤት ሄዳለች ብለን። በሰልፍ ላይ ወሬ የለም አለን።»

ሐይቅ ነው። ልጄ ዋና አትችልም። እህቴ ክንዴን ይዛ መኪናዋ ውስጥ አስገባችኝ። ጀኔራሉ ሳይጠራ ከኋላ ገባ። መንገዱን ሙሉ ዓይኔ ላይ ውሃ ብቻ ነበር፤ ጠፍጣፋ፣ ድምፅ የሌለው ውሃ። ከኋላዬ ቁልፎቹ ይንቃጨላሉ።

«ልጅቷም እኮ ሳታስፈቅድ ነው የሄደችው» አለ።

አልዞርኩም። ብዞር ኖሮ ዛሬ ይህን የማወራው ከእስር ቤት ይሆን ነበር።

«ደግሞ ለማህበሩ ከመናገራችሁ በፊት እኛው በቤተሰብ...» ብሎ ጀመረ። እህቴ መሪውን እንደያዘች፣ «አንድ ቃል ከጨመርክ አወርድሃለሁ» አለችው። በትዳራቸው ውስጥ እንዲህ ስትናገረው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ስንደርስ ልጄ ተገልብጦ የተቀመጠ ጀልባ ላይ ተቀምጣለች፤ ከላይ የአንዲት ጀልባ አከራይ ሴት ትልቅ ካፖርት ደርባለች። ስታየኝ ሮጣ አልመጣችም፤ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። ጀልባ አከራይዋ ጠብ እርግፍ ብላ ተቀበለችን።

«ወደ ቤቴ ልውሰድሽ ብላት እምቢ አለች። ስልክ ልደውልልሽ ብላት የእናቷን ቁጥር በቃሏ አታውቅም። ከዚህ አልነቃነቅም ብላ ሞተች።»

ልጄን አቀፍኳት። የሐይቅ ሽታ ሸተተችኝ። «አክስቴ ናት የነገረችኝ» አለች አንገቴ ሥር። «ካለሁበት ከተነቃነቅኩ አታገኙኝም ብዬ ነው።»

እህቴ ይህን ስትሰማ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጀኔራሉ ጠጋ አለና የልጄን ራስ ዳበስ አደረገ። «እግዜር ይመስገን፣ ምንም አልሆነችም። ነገር ማግነን አያስፈልግም» አለ። ጀልባ አከራይዋ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው፤ አራቱን ኪስ፣ የትከሻውን ጨርቅ፣ ፊሽካውን። «መሪው እርስዎ ነዎት?» አለችው። መልሱን ሳትጠብቅ ጀልባዋን ልትጎትት ሄደች።

እኔ ለማህበሩ ነገርኩ። በሳምንቱ በዚያው ላፕቶፕ፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ስብሰባ ተደረገ። እህቴ ቤት የሄድኩት ጀኔራሉ ምን እንደሚል ዓይኑን እያየሁ ልሰማው ነው። ከወዲያ ያቺ አሰልጣኝ አለች፤ አጠገቧ ባለው ሳጥን ደግሞ የማህበሩ ሰብሳቢ የሆኑ ሽማግሌ። አሰልጣኟን ጉንፋኗ ለቋታል፤ ድምፅዋ እንደዚያ ጥርት ያለ አይመስለኝም ነበር።

«ምን እንደተፈጠረ በራስዎ አንደበት ይንገሩን» አለችው።

«የተፈጠረው የስልጠና ጉድለት ነው» አለ ጀኔራሉ፤ ለዚህ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። «ልጆችን ስለመቁጠር በስልጠናው ላይ አንድም ቃል አልተባለም። ሰው ያልተማረውን ከየት ያመጣል? ስልጠናውን ያዘጋጀው ሰው ነው መጠየቅ ያለበት።»

ሽማግሌው ወደ አሰልጣኟ ሳጥን የሚያዩ ይመስል አንገታቸውን አዞሩ። ስልጠናውን ያዘጋጀችው እሷ ናት። ፊቷ ቀላ፤ ከዚያ ቁልፍ ስትነካ ተሰማ።

«አምስተኛው ትምህርት ሙሉውን ስለ መቁጠር ነው። እርስዎ ሁሉንም ጥያቄ በትክክል መልሰዋል። የመጨረሻው ላይ በራስዎ ቃል ይጻፉ ለሚለው እንዲህ ብለዋል፦ ልጆቹን የምቆጥረው ስለማላምናቸው ሳይሆን እያንዳንዳቸው የሚጠብቃቸው ሰው ስላለ ነው። ለሌሎች ሰልጣኞች ሁሉ አንብቤላቸዋለሁ። የእርስዎ ቃል ነው?»

ጀኔራሉ ወደ እህቴ ዞረ። አዳኚኝ የሚል ዓይን ነው። እህቴ ተነሥታ ከጀርባው መጥታ ካሜራው ፊት ቆመች።

«የእኔ ነው» አለች። «ስልጠናውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የወሰድኩት እኔ ነኝ። እሱ ቴሌቪዥን ያይ ነበር።»

ሽማግሌው የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ማይካቸው ዝግ ስለነበር አልተሰማም። አሰልጣኟ ለረጅም ጊዜ እህቴን አየቻት። ታመሰግናታለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ያን ቃል የጻፈ ሰው እንዴት ይህን ያደርጋል?» አለቻት። «እሳቸው አላወቁም። እርስዎ ግን እያወቁ ነው ሃያ ልጅ አስረክበው የሸኙት።»

ሁለቱም ታገዱ። እሱ ለሁልጊዜ፣ እሷ ለጊዜው፤ መመለስ ከፈለገች ከመጀመሪያው ትምህርት፣ በራሷ ስም። ጀኔራሉ ላፕቶፑን ዘግቶ፣ «አሳፈርሽኝ» አላት። የተናገረው ይሄንን ብቻ ነው። እሷም ካፖርቷን ደርባ ከእኔ ጋር ወጣች፤ ሁለት ሌሊት እኔ ዘንድ አድራ ተመለሰች። ለምን ተመለስሽ አላልኳትም። ብትነግረኝ እንቃታለሁ ብዬ ፈራሁ፤ እውነቱን ለመናገር የዚያን ሰሞን ለእሷም የሚተርፍ ንቀት ነበረኝ። ባል ፈርታ የእኔን ልጅ ሐይቅ ዳር የላከች እህት። ከዚያ ደግሞ ልጄን ጀልባው ላይ ያስቀመጣት የእሷ ቃል መሆኑ ትዝ ይለኛል፤ ንቀቱም እዚያው ላይ ይቆማል። አዳራሹ ውስጥ ጫማዬን ስመለከት የነበርኩትን እኔንም አልማርኩም።

ጀኔራሉን አትጨነቁለት። በወሩ የአፓርታማቸው ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ ተመረጠ፤ አሁን ስለ መኪና ማቆሚያ መመሪያ ያወጣል።

ቡድኑ ተዘጋ። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄ ውስጥ ክር እየጠቀለለች አኩርፋ ትቀመጣለች። አንድ ቅዳሜ ማሽኔን አቁሜ በስልኬ ተመዘገብኩ። የመጀመሪያውን ቪዲዮ አየሁት፤ እንደተባለው ያሰለቻል። የሚያወራው ሰውዬ የሚያነበው ከወረቀት ነው፣ ሙዚቃው የአሳንሰር ነው። ጥያቄዎቹን ስመልስ ግማሹን ስለሳትኩ ስልጠናው ደግሜ እንዳየው አዘዘኝ። እህቴ በዚያ ስታልፍ ገብታ ከትከሻዬ በላይ አየች። ልትናገር አፏን ከፈተች።

«እንዳትነግሪኝ» አልኳት።

ዘጋችው። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና አብራኝ እስከ መጨረሻው አየች።

ቡድኑ የተከፈተው ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው፣ እኔና አንድ ነርስ የሆነ አባት ስልጠናውን ጨርሰን። በመጀመሪያው ቀን ድምፄ አልወጣም። ልጆቹ አልሰሙኝም፣ ሁለቱ ተጣሉ፣ የአንዱ አፍንጫ ደማ። ያስተማርኳቸው ቋጠሮ ሲጎተት ተፈታ። ልጄ አፍራብኝ እንደማታውቀኝ ሆና መጨረሻ ረድፍ ላይ ቆመች። ወገቤን እያመመኝ አንድ ሁለት ብዬ ቆጠርኳቸው፤ ሲሮጡብኝ ጠፋብኝና እንደገና ጀመርኩ።